ለጋሪ የተነሳው ባሪየር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ግማሹን ቀን ያሳለፍኩት መሰላል ላይ ነው። ቦታው ነፋስ ስልክ፣ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ በር ነበር። ዋና ቴክኒሺያኑ ጌትነት አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ሰጠኝና አንቴናውን ምሰሶው ላይ እንዳስር አዘዘኝ። የፋብሪካው ጫኝና አውራጆች ሴት መሰላል ስትወጣ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ያዩኝ ጀመር። አንዱማ መሰላሉን ልያዝልሽ ብሎ መጥቶ ሥራውን እስክጨርስ አልሄደም።

ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ቴሌቪዥን ስጠግን ነበር። የተቀጠርኩበት ድርጅት ባለቤቱን አቶ ምናሴን ጨምሮ አምስት ሰው ነው ያለው። ሥራችን በየግቢው በር ላይ መኪና የሚለይ የሬዲዮ ማንበቢያ መትከል ነው። እኛ ሪደር እንለዋለን። መኪናው ሲጠጋ ሪደሩ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ያነባል፣ ቁጥሩ መዝገብ ውስጥ ካለ ባሪየሩ ክንዱን ያነሳል። እኔ ያኔ ረዳት ቴክኒሺያን ነበርኩ። ከረዳት በታች ማዕረግ የለም።

ጌትነት ከኪሱ አንድ ስቲከር አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀት ነው፣ ከጣቴ ብዙም አይረዝምም። ባትሪው የታለ ብዬ ጠየቅኩት። የለውም አለኝ። ታዲያ ባትሪ የሌለው ነገር በምን ይናገራል ብዬ ብጠይቀው፣ ራስሽ ድረሽበት ብሎኝ ማኪያቶ ሊጠጣ ሄደ።

እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር መተው አልችልም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤታችንን ሬዲዮ እየፈታሁ የተገረፍኩ ሰው ነኝ። ስቲከሩን መሰላሉ ላይ ለጥፌ በጥፍሬ መልሼ ላጥኩትና ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ቀጭን የአልሙኒየም መስመር ወዲህ ወዲያ ይታጠፋል፣ መሃሉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ነጥብ አለች። ነጥቧ ውስጥ ቁጥሩ አለ። አንቴናው ሞገድ ሲልክበት ስቲከሩ ከዚያው ሞገድ ጉልበት ይወስድና ቁጥሩን መልሶ ይናገራል። የእጅ ባትሪ ሲያበሩባት ዓይኗ እንደሚያበራ ድመት ነው፣ የራሱ ብርሃን የለውም። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያነበብኩት። ያን ቀን ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከተለጠፈበት የተላጠ ስቲከር መስመሩ ይበጠሳል፣ ይሞታል። ሆን ተብሎ እንዲያ የተሠራው ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እንዳይዛወር ነው። ጌትነት ሲመለስ የገደልኩትን አይቶ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ የእግር መለኪያ አስተማረኝ። ስቲከር ካርቶን ላይ ለጥፈሽ ደረትሽ ላይ ትይዢና ከአንቴናው እየራቅሽ ትሄጃለሽ። ሪደሩ ማንበብ ያቆመበት ቦታ ላይ በኖራ ታሰምሪያለሽ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ሪደር የሚያየውን ቦታ ያልለካ ቴክኒሺያን ምን እንደተከለ አያውቅም ይል ነበር። ያን ቀን በፋብሪካው በር ስመላለስ የዋልኩት ለምርቃት ፎቶ እንደተዘጋጀ ሰው ካርቶን ደረቴ ላይ ይዤ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የማስታውሰው በእንቆቅልሾቹ ነው። መካኒሳ አንድ አፓርታማ ውስጥ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ማሽናችሁ እሑድ እሑድ ይጠላኛል ብለው ደወሉ። ማክሰኞ ሄድኩ፣ ሠራ። ሐሙስ ሄድኩ፣ ሠራ። ስቲከሩን ቀየርኩ፣ ቀጣዩ እሑድ ደግሞ እምቢ አለ። አቶ ምናሴ ሴትዮዋ ብቸኝነት ይዟቸው ይሆናል ብለው ቀለዱ። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ የዕረፍት ቀኔን ትቼ እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ቆምኩ።

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክንዱ አልተነሳም። ጠጋ ብዬ ሳይ በሁለት ትልልቅ ፕላስቲክ የተሞላ ጠበል ዳሽቦርዱ ላይ አቁመዋል፣ ልክ ከስቲከሩ ፊት ለፊት። ውሃ ሞገድ ይውጣል። ፕላስቲኮቹን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ክንዱ ተነሳ። "ጠበሉ ነው የከለከለኝ?" አሉኝ። ጠበሉ ሳይሆን ውሃው ነው አልኳቸው። ጠበልና ውሃ አንድ ነው ያለሽ ማነው ብለው ተቆጡ። ስቲከሩን ከቦሎው አጠገብ ትቼ አዲስ ከላይ ለጠፍኩላቸው። ክርክሩን ግን አላሸነፍኩም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቴክኒሺያን፣ ቀጥሎ ዋና ቴክኒሺያን፣ በስድስተኛው ዓመት ጌትነት ሌላ ሥራ ሲሄድ ቡድን መሪ ሆንኩ። ውሃ እንደሚውጥ፣ ብረት እንደሚመልስ፣ የሰው እጅ ስቲከሩ ላይ ከተከደነ እንደሚያሳውር በልምድ አወቅኩ። ያወቅኩት ሲበዛ አንድ መጥፎ ነገር አብሮ መጣ። መሣሪያውን ከሰው ይልቅ አምን ጀመር። መሣሪያ አይዋሽም፣ ሰው ግን ይረሳል፣ ይምታታል፣ ይሸፍጣል ብዬ ለአዲስ ሠራተኞች እስከ መናገር ደርሼ ነበር።

ላፍቶ አንድ የመኖሪያ ግቢ ሥራ ያገኘነው በዚያ ሰሞን ነው። ድሮ የጤፍና የሽንብራ ማሳ የነበረ ቦታ ላይ የተሠራ፣ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ያለው ግቢ ነው። ሁለቱም ላይ ሪደርና ባሪየር ተከልን። አስፋልቱ ውስጥ የሽቦ ቀለበት ቀበርን፣ ብረት ያለው ነገር ሲቆምበት ሪደሩን ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ በፊት ሪደሩ አያነብም።

የበሩ ጥበቃ ጋሽ ኤርሲዶ ይባላሉ። ከሆሳዕና በኩል የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲቆሙ መዝሙር በቀስታ የሚያንጎራጉሩ ሰው ናቸው። ግቢው ከተሠራ ጀምሮ እዚያ በር ላይ ናቸው። መኪና ሳያዩ በሞተሩ ድምፅ ብቻ የማን እንደሆነ ይናገራሉ። ቀለበቱን ስንቀብር አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ያልጠየቁኝ ነገር የለም። ማሽኑ የሚያውቀው መኪናውን ነው ወይስ ሰውዬውን አሉኝ። ሁለቱንም አያውቅም፣ ስቲከሩን ነው የሚያውቀው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ሌላ ሰው ቢነዳውስ አሉ። ያም ቢሆን ይከፍታል አልኩ። ጋሽ ኤርሲዶ አንገታቸውን ነቀነቁና ሌላ አልጠየቁም። እኔም ጥያቄው ደስ ብሎኝ ነበር፣ መልሱን ግን ብዙም አላሰብኩበትም።

የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ካሣሁን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ጊዜ ችግሩ ጀመረ። በሩ ላይ ሲደርሱ ክንዱ ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ኤርሲዶ ከክፍላቸው ወጥተው ሪሞት ይጫኑላቸዋል። ከኋላ የተሰለፈው ጎረቤት ሁሉ እያየ ነው። አቶ ካሣሁን መጥፎ ሰው አልነበሩም፣ ግን በራሴ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆምኩ የሚለው ነገር በላቸው። ዘበኛ እየተነሳ የሚከፍትልኝ ከሆነ ማሽኑን ለምን ገዛን ብለው አቶ ምናሴ ጋ ደወሉ።

ሄጄ መኪናውን ሳይ ገረመኝ። መስታወቱ ፀሐይ እንዳያስገባ በጣም ስስ የብረት ሽፋን ውስጡ አለው። ለዓይን አይታይም። ለሞገድ ግን ግድግዳ ነው። ከመስታወቱ አናት ላይ ሽፋኑ የቀረበት ትንሽ ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ ደግሞ የመኪናው ካሜራ ተቀምጧል። ትክክለኛው መፍትሔ ከውጭ የፊት መብራቱ ላይ የሚለጠፍ ሌላ ዓይነት ስቲከር ነው። ታዝዞ እስኪመጣ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ይህን ለአቶ ምናሴ ነገርኩ። እሳቸው ዛሬውኑ ጨርሺው አሉኝ፤ የዚያ ሰፈር ሌሎች ግቢዎች ዓይናቸው እኛ ላይ ነው።

ላፕቶፔን ከሪደሮቹ ጋር አገናኘሁና የሁለቱንም የሞገድ ኃይል እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። አቶ ካሣሁን መኪናቸውን አስጠጉ፣ ክንዱ ተነሳ። ወርደው እጄን ጨበጡና ኢንጂነር አሉኝ። ደስ አለኝ። ካርቶኑ መኪናችን ውስጥ ነበር፣ ኖራውም ነበር። በእግሬ አልለካሁም። ኃይል መጨመሬንም በጥገና መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም፣ ለጋሽ ኤርሲዶም አልነገርኳቸውም። ሥራው አሥር ደቂቃ ስለፈጀ የሚጻፍ ነገር አልመሰለኝም።

ሁለት ወር ያህል ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ የአንዲት ነዋሪ እናት አረፉ። እድሩ ድንኳን ተከለ። ለድንኳን የሚበቃ ሜዳ ያለው የመኪና ማቆሚያው ብቻ ስለሆነ መኪኖቹ ሁሉ ተነሱ። የተነሱት በየአጥሩ ሥር፣ በየሣሩ ላይ ተጠጋጉ። እንዲህ ሲሆን በዚያ ግቢ አንድ ልማድ አለ። አስከሬን ሲወጣ መንገድ የዘጋ መኪና ቢኖር ማንም አንስቶ እንዲያሳልፍ ሁሉም ቁልፉን መኪናው ላይ ይተዋል። ለቀስተኛ መኪናውን ውጭ መንገድ ላይ እንዲያቆም ተነገረ። ጋሽ ኤርሲዶም የለቅሶ ዕቃ ከጫነ በቀር ስቲከር ለሌለው እንዳይከፍቱ ታዘዙ።

ያን ቀን እኔ ቤቴ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ስልኬ ጠራ።

"ልጄ፣ ማሽኑ ለጋሪ ተነሳ" አሉኝ ጋሽ ኤርሲዶ።

"ለምን ዓይነት ጋሪ?"

"ወንበር አራግፎ በመውጫው የሚመለስ፣ በእጅ የሚገፋ። ድንኳን አምጥቶ ለሚወጣው አይሱዙም ተነሳ። ስቲከር የላቸውም።"

"ሪሞቱን ሳያውቁት ተጭነውት ይሆናል። ኪስዎ ውስጥ ነው?"

"ጠረጴዛ ላይ ነው። ከዚህ ይታየኛል።"

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ጋሪ! በለቅሶ ግርግር መሃል ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሪሞቱን እየነካ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰኞ መጥቼ አየዋለሁ፣ አይጨነቁ አልኳቸውና ወደ ልብሴ ተመለስኩ። እንኳንስ ያኔውኑ ልሄድ፣ ሪሞቱን እንዲደብቁ እንኳ በወጉ አልመከርኳቸውም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳዊት የሚባል የአንድ ወጣት ነዋሪ ትንሿ ነጭ መኪና ከግቢው ወጣች። ነጂው ዳዊት አልነበረም። ዳዊት በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሠራል፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው በእሷ ነው። መኪናዋን ሊሸጥና የተሻለ ሊገዛ ስላሰበ ስቲከሩን ሳይለጥፍ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ቁልፉን እንደ ሁሉም ሰው መኪናዋ ላይ ትቶ ድንኳን ውስጥ ሲያስተናግድ ዋለ። ጥቁር የለበሰ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ቢወጣ የማን ወገን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሥር ሰዓት ላይ ዳዊት ሥራ ልሂድ ብሎ ሲመጣ ሣሩ ላይ የጎማ ምልክት ብቻ አገኘ።

ሰኞ ጠዋት የተጠራሁት ለጥገና አልነበረም። አቶ ካሣሁን ደውለው ዘበኛው በሪሞት ሲከፍት የተመዘገበበትን ወረቀት አውጪልን አሉኝ። ስቲከር የሌለው መኪና የወጣው ሰው ስለከፈተለት ነው፤ ሪሞቱ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። ሒሳቡ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ጋሽ ኤርሲዶ እሑድን ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡ ውለዋል፣ ዩኒፎርማቸውንም አስረክበዋል።

ስደርስ ከግቢው ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በራሳቸው ልብስ ሳያቸው ያነሱ መሰለኝ። ያለ እሳቸው በሩ ባዶ ነበር። ሌባ አስወጣ ተብሎ የተባረረ ጥበቃ በዚያ አካባቢ ሌላ በር አይሰጠውም፣ ዋስ የሚሆነውም ሰው አያገኝም። ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አልተቆጡኝም።

"ደውዬልሽ እንደነበር ንገሪያቸው። ሌላ አልልሽም" አሉኝ።

ቢሮ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኮሚቴው ከኋላዬ ቆሟል። መዝገቡ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ለቀስተኞች ነጯ መኪና ስትወጣ አየን ባሉበት ሰዓት፣ መውጫው እንደተከፈተ ያሳያል። የከፈተው ግን ሪሞት አይደለም፣ ስቲከር ነው። ስቲከሩ ወይዘሮ ጽጌ በሚባሉ ነዋሪ መኪና ላይ የተለጠፈው ነው። አቶ ካሣሁን ወዲያው፣ እንግዲያው ሌባው ስቲከሯን ሰርቆ ነዋ አሉ። የተላጠ ስቲከር እንደሚሞት ነገርኳቸው። ወርደን አየን። የወይዘሮ ጽጌ ስቲከር ከተለጠፈበት አልተነካም። ወይዘሮ ጽጌም ቀኑን ሙሉ ለለቀስተኛው ወጥ ሲሠሩ ስለዋሉ መኪናቸውን አላነሱም።

ተመልሼ መዝገቡን ወደ ላይ ገፋሁት። የወይዘሮ ጽጌ መኪና ያን ቅዳሜ አሥራ ሰባት ጊዜ ወጥታለች። አንድም ጊዜ አልገባችም። በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ የወጣችበትም አለ። ከኮሚቴው ማንም ገና አልገባውም፣ እኔ ግን ገባኝ። መኪናዋ ቅዳሜ የት ነበር የቆመችው ብዬ ጠየቅኩ። መውጫው አጠገብ ሣሩ ላይ አሉኝ፣ በሌላ ጊዜ መኪና በማይቆምበት ቦታ፣ ፊቷን ወደ አንቴናው አዙራ።

ወደ ውጭ ወጥቼ አቶ ምናሴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ያየሽውን ስጪያቸው፣ ያሰብሽውን ለራስሽ ያዢው" አሉኝ። መዝገቡን አትሜ እንድሰጥና እንድመለስ ነበር የፈለጉት። መዝገቡ ብቻውን ደግሞ ጋሽ ኤርሲዶን አያወጣም። ስቲከሩን እንዴት እንዳደረገው እግዜር ይወቅ ብለው ይተዉታል እንጂ ንጹሕ ነው አይሉም። ፈራሁ። ቡድን መሪ ለመሆን ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ማዶ ሳይ ጋሽ ኤርሲዶ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጡ ወደ በሩ እንጂ ወደ እኔ አያዩም። መውጫው ላይ የቆመ መኪና ሲኖር ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉና መልሰው ይቀመጣሉ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ኮሚቴው ተመለስኩ። ወይዘሮ ጽጌ መኪናቸውን ቅዳሜ የነበረችበት ቦታ ላይ እንዲያቆሙ ለመንኳቸው። ቀጥሎ ጋሪ ፈልጉልኝ አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ ሳቀ። ከጎን ካለው ግንባታ ሲሚንቶ የሚገፋ ሰው ጋሪውን ይዞ መጣ። ቀለበቱ ላይ አቁመው አልኩት። ክንዱ ቀጥ ብሎ ተነሳ።

ጋሪ ገፊው ልለፍ ወይ ብሎ ጠየቀ። ተመለስ አልኩትና በላፕቶፑ የሪደሩን ኃይል ወደ ድሮው አወረድኩ። እንደገና ግፋው አልኩት። ክንዱ አልተነሳም። ከዚያ ዞርኩ።

"ኃይሉን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እስከ የት እንደሚያነብ ሳልለካ ሄድኩ። ቅዳሜ ቀለበቱ ላይ ማንም በቆመ ቁጥር ሪደሩ ሣሩ ላይ ያለችውን የወይዘሮ ጽጌን ስቲከር እያነበበ ሲከፍት ዋለ። ጋሽ ኤርሲዶ ሌባው ሳይወጣ በፊት ደውለው ነግረውኛል፣ አላመንኳቸውም።"

አቶ ካሣሁን መሬት መሬት አዩ። ያስቸኮልኳት እኔ ነኝ አሉ። ሌላም ነገር ተናገሩ። ቅዳሜ ጋሽ ኤርሲዶ ማሽኑን ስላላመኑት መውጫው ላይ በአካላቸው ቆመው ነበር። በሩን ማሽኑ ይጠብቃል፣ አንተ ና ወንበር አውርድ ብለው የጠሯቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። መኪናዋ የወጣችው በዚያ ሰዓት ነው።

ዳዊት ከኋላ ቆሞ ነበር። "እና መኪናዬስ?" አለ። መኪናዋ ከቀናት በኋላ ከከተማ ውጭ ያለ ጎማና ያለ ባትሪ ቆማ ተገኘች። ዳዊት ለረጅም ጊዜ ሰላም አላለኝም፣ አልፈረድኩበትም።

ጋሽ ኤርሲዶን ጠርተው አስገቧቸው። ኮሚቴው ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለፖሊስም ደብዳቤ እንደሚጽፍ ነገራቸው። እኔም ጠየቅኩ። ጋሽ ኤርሲዶ ጌታ ይመስገን አሉ። ዩኒፎርማቸውን ግን ጠረጴዛው ላይ እንደታጠፈ ተዉት። ሁሉንም ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄ ማሽን ሳይከፍት መናገር ብቻ ይችላል?"

"እንዴት?"

"የዚህ ግቢ ስቲከር ነው ብሎ ይንገረኝ። የምከፍተው እኔ ልሁን።"

ይቻላል አልኳቸው። አቶ ካሣሁን፣ እንግዲያው ማሽኑ፣ ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ቀሩ። ከሪደሩ ወደ ባሪየሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ፈታሁና ወደ ጥበቃ ክፍሉ ወስጄ ከአንድ አረንጓዴ መብራት ጋር አሰርኳቸው። በመውጫውም በመግቢያውም እንዲሁ አደረግኩ። ከዚያ ካርቶኑን ደረቴ ላይ ይዤ በእግሬ ለካሁ። ጋሽ ኤርሲዶ ኖራውን ይዘው አብረውኝ ዞሩ፣ መስመሩን ያሰመሩት እሳቸው ናቸው። ከመስመሩ ውስጥ መኪና እንዳይቆም ለኮሚቴው የነገሩትም እሳቸው ናቸው። ስንጨርስ ዩኒፎርማቸውን ለበሱ።

መጀመሪያ የወጡት አቶ ካሣሁን ነበሩ፣ ወደ ሥራ ሊሄዱ። እኔ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር። የፊት መብራቱ ስቲከር ገና ያን ዕለት ስለታዘዘ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ካርቶን ላይ የለጠፍኩላቸውን ሌላ ስቲከር ጫፉን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት፣ አረንጓዴው መብራት በራ። ጋሽ ኤርሲዶ ከክፍላቸው ወጡ፣ አልተጣደፉም። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አዩ፣ እንደምን አደሩ አሏቸው፣ የኋላውን ወንበርም አዩ። ከዚያ ተመልሰው ገብተው ከፈቱ። አቶ ካሣሁን ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ጠበቁ።

አቶ ምናሴ ሳላስፈቅዳቸው በመናገሬ ከቡድን መሪነት አወረዱኝ። ዓመት ቆይተው መለሱኝ። የጥገና መዝገቡን ያያችሁ እንደሆነ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው የእኔ ጽሕፈት ከሌላው ሁሉ ይረዝማል።

ለጀማሪዎች የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ኃይል ስትጨምሩ በእግራችሁ ለኩ፣ ጻፉት፣ በሩ ላይ ለሚቆመው ሰው ንገሩት። መዝገብ ያነበበውን እንጂ የሆነውን አይነግራችሁም። ጥበቃው ከደወለላችሁ ሰኞ አትበሉ፣ ያኔውኑ ሂዱ።